ሃያኛው አዎ

ነጃት እንድሪስ አሥራ ዘጠነኛውን ባዶ አዎ ያለችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። እንደ በፊቶቹ አሥራ ስምንቱ ሁሉ ይሄንንም ያለችው ፈገግ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር በአንድ ድምፅ ነው።

ትምህርቱ ማካፈል ነበር። ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት ብርቱካን ተደርድሯል፤ አምስት ልጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ብርቱካኖቹ እየተንከባለሉ ለየልጁ ሦስት ሦስት ደረሱና ሁለቱ ተረፉ። «ቀሪ፣ ሁለት» አለ ጋሼ።

ጋሼ የሚሉት የሚያስተምረውን ግድግዳ ነው። በደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራበትም። የሽማግሌ ድምፅ አለው፤ ደግሞ ከርእሰ መምህሩ ጀምሮ እስከ አንደኛ ክፍል ሕፃን ድረስ ሁሉንም አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው። በዚህ የተነሳ ገና በመጣ በሳምንቱ ልጆቹ ጋሼ አሉት፤ አስተማሪዎቹም ተከተሏቸው። ሰው መቼም ስም ካወጣለት ነገር ጋር መጣላት ይከብደዋል። ይኸው በኮምቦልቻ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

ጋሼ ያስረዳል፤ መምህርት አርሴማ ደግሞ ትጠይቃለች። በ2061 ዓ.ም. የአስተማሪ ሥራ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። አፍንጫ ታብሳለች፣ ወንበር ታስተካክላለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች፣ ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲት ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ከሰው አፍ እንድትወጣ የተደረገው ልጆች ለሰው ሲመልሱ ድምፃቸው ጥርት ይላል ተብሎ ነው።

«ገባችሁ?» አለች አርሴማ።

«አ... ዎ፣ ቲ... ቸር!» አሉ ሠላሳ ስድስቱ።

ወዲያው በየጠረጴዛው አንድ አንድ ጥያቄ ብልጭ አለ። ሃያ ሦስት ሙዝ ለአራት ሰው ቢካፈል፣ ለያንዳንዱ ስንት፣ ቀሪ ስንት? ሠላሳ አምስት ጠረጴዛ አረንጓዴ ሆነ። የነጃት ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀረ። «ቀሪ» በሚለው ፊት «የለም» ብላ ጽፋ ነበር። አርሴማ እጇ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ አየች። ከልጅቱ ስም ፊት ለፊት 19 ይላል።

ገብቶኛል ብሎ ጥያቄውን የሳተ ልጅ ያለው አዎ ባዶ አዎ ይባላል። አለማወቅ አይቆጠርበትም፤ የሚቆጠርበት አዎ ማለቱ ነው። አልገባኝም ያለ ልጅ ምንም አይሆንም፤ ጋሼ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ደግሞ ያስረዳዋል፣ አለቀ። ይሄ በመመሪያው ገጽ አራት ላይ በግልጽ ተጽፏል። ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ትምህርት ቤት አልገባኝም የተባለው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ስድስቱ የአንድ ልጅ ናቸው፤ እሱም ውጭ አገር ያደገ ነበር፣ የእኛን ወግ አያውቅም።

ባዶ አዎ ሃያ ሲሞላ ልጁ ወደ እጅ መስመር ይዛወራል። የእጅ መስመር ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው ረጅም ሕንፃ ነው። ክፉ ቦታ አይደለም፤ ምሳው ትኩስ ነው፣ ጫማ ይሰጣል። ሽቦ መለየት፣ ብሎን መፍታት፣ በሥዕል ትእዛዝ መከተል ያስተምራሉ። ንባብና ሒሳብ ግን እዚያ የለም። ከዚያ የተመለሰ ልጅ የለም፤ ምን ሆነው ቢባል ምንም አልሆኑም፣ የመመለሻ ፎርም ስላልተዘጋጀ ነው።

በእረፍት ሰዓት አርሴማ ነጃትን ከግቢው ዛፍ ሥር ያዘቻት። በግቢው ውስጥ ጋሼ የማይሰማው እዚያ ብቻ ነው ይባላል፤ እውነት ይሁን አይሁን ያጣራ የለም።

«ነጃቴ፣ ቀሪው ለምንድን ነው የለም ያልሽው?»

ልጅቱ ጫማዋን አየች። «ቲቸር፣ እነዚህ ልጆች ቤት ቢላ የለም?» አለች።

«የምን ቢላ?»

«ሁለቱን ብርቱካን ለምን አይቆርጧቸውም? እኛ ቤት እናቴ አንድ ብርቱካን ለአራት ታደርሳለች። ልጆቹ እያዩ ብርቱካን መሬት ላይ አይቀመጥም።»

አርሴማ ሳቋ አመለጣት። ከሳቋ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት። ልጅቱ ደንቆሮ አይደለችም፤ እንዲያውም ከሠላሳ ስድስቱ ልጆች ውስጥ ስለ ብርቱካኖቹ ያሰበች እሷ ብቻ ናት። «ታዲያ ይሄንን ለምን አልጠየቅሽም? ገባችሁ ስል ለምን አዎ አልሽ?»

ነጃት ጥያቄው ግራ አጋባት። «እርስዎ ደክመው?» አለች። «አልገባኝም ስልዎት አያፍሩም?»

ይሄን ያስተማረቻት አርሴማ ራሷ ናት። እነዚህን ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይዛ ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለቱ ለብቻቸው ሲያጉረመርሙ «አንድ ላይ!» ያለቻቸው እሷ ናት። «አልሰማሁም፤ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» እያለች ጣሪያው እስኪነቃነቅ ያስጮኸቻቸውም እሷ። እሷንም እንዲሁ ነው ያሳደጓት፤ እናቷንም እንዲሁ። ጥያቄው ለማወቅ የሚጠየቅ አልነበረም፤ ትምህርቱ በሰላም ማለቁን ማብሰሪያ ነበር፣ እንደ ደወሉ። በእሷና በእናቷ ጊዜ ግን የሚቆጥር አልነበረም።

«ስሚኝ» አለቻትና ከፊቷ ቁጢጥ አለች። «ነገ ስጠይቅ አልገባኝም ትያለሽ። እኔ አላፍርም። ደስ ነው የሚለኝ። በይ እስቲ።»

«አልገባኝም» አለች ነጃት በሹክሹክታ።

«ጮክ በይ።»

«አልገባኝም» አለች አሁንም በሹክሹክታ፤ ቀጥላም «ይቅርታ ቲቸር» ብላ ጨመረችበት።

ረቡዕ ደግሞ ማካፈል ነበር፤ በብርቱካን ፈንታ ሃያ ዘጠኝ እርሳስ። አርሴማ ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ አንድ ዘዴ አግኝታለች። ነጃት ከሠላሳ አምስት ድምፅ በላይ አልገባኝም ብላ መጮህ አትችልም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን መገልበጥ ነው። ጋሼ እርሳሶቹን አካፍሎ ሲጨርስ ከተለመደው ወጣችና «ያልገባው ልጅ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የ... ለም፣ ቲ... ቸር!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

የጨነቀው ሰው ብልሃት ሁልጊዜ አይሠራም። ነጃት ግን ከሌሎቹ ጋር የለም አላለችም። አርሴማ ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም ነበርና በደንብ አየች፤ ልጅቱ አፏን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ጩኸቱ ሲያበቃ በጸጥታው ውስጥ «አል...» የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች። ሠላሳ አምስት ጭንቅላት ዞረ። ከጎኗ የሚቀመጠው ሙአዝ በክርኑ ነካ አደረጋት፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ወንድም ነው፣ እንዳታፍር ብሎ። ነጃት አፏን ገጠመች። ጋሼ ሦስት ሰከንድ ጠበቀ።

ዝም አይነቅዝም ሲባል የሰማ ሰው ገጽ አምስትን ያንብብ። ዝምታ እንደ አዎ ይቆጠራል ይላል። ጠረጴዛዋ ላይ ጥያቄው ብልጭ አለ፣ ቢጫ ሆነ፤ 19 የነበረው 20 ሆነ። «አመሰግናለሁ ልጆች» አለ ጋሼ። «ወደ አማርኛ ትምህርታችን እንለፍ።»

ርእሰ መምህሩ አቶ ዳግም የአርሴማ የድሮ ተማሪ ነው። ቢሮው ስትገባ ከወንበሩ ተነሳላት፤ ይሄን ልማዱን ሹመቱም አላስተወውም።

«አይቼዋለሁ ቲቸር» አለ። «እናቷ ለዓርብ ጠዋት ተጠርታለች።»

«ዳግም፣ ልጅቱ ትችላለች። ቢላ የለም ወይ ነው ያለችኝ።»

«ምን?»

«ተወው። የሚያስቆመው ነገር የለም?»

ዳግም መመሪያውን ከፍቶ ወደ እሷ አዞረላት። ነገሩን ያውቀዋል፤ ግን በጣቱ ማሳየት ወደደ። «ገጽ አሥራ ሁለት። ውሳኔው ለወላጅ ይነበባል። ወላጅ አልገባኝም ካሉ ጉዳዩ ለሰዎች ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሚቀመጠው ክረምት ነው፤ እስከዚያ ልጅቱ ከክፍሏ አትነቃነቅም፣ ሃያውም ይሰረዝላታል፣ ከዜሮ ትጀምራለች።»

አርሴማ መነጽሯን አስተካክላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ታዲያ ይሄ መዳኛ አይደለም እንዴ! እስከ ዛሬ ስንት ወላጅ ብሏል?»

«ማንም።»

«ሰው አልነገራቸው ይሆናላ።»

«ይነበብላቸዋል እኮ ቲቸር። ውሳኔው ውስጥ አለበት። መጨረሻ ላይ ገባዎት ይባላሉ፤ ሁሉም አዎ ይላሉ።» ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «እኔ ደግሞ አስቀድሜ ልነግራቸው አይፈቀድልኝም። እርስዎ የሚያደርጉትን ግን እኔ አላየሁም።»

የነጃት እናት ዘምዘም አሮጌ ባትሪ በሚፈታበት ፋብሪካ ትሠራለች። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ፈረቃው ሲለቀቅ አርሴማ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ዘምዘም ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሻርፗ ጫፍ በአሲድ ተበስቷል። የልጇን አስተማሪ ስታይ ክው አለች።

«ምነው ቲቸር፣ ነጃት ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች፣ የኔ ልጅ። ነይ እስቲ እዚህ ጥላው ጋ።»

አርሴማ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ስትጨርስ ከአፏ «ገባሽ?» ሊወጣ ሲል ምላሷን ነከሰች። «እስቲ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» አለቻት። ዘምዘም መልሳ ነገረቻት፤ አንድም ነገር አልሳተችም። ነገ የሚያነቡልኝን ሰምቼ ሲያበቁ አልገባኝም እላለሁ፤ ካልኩ ልጄ ትቀራለች፤ አዎ ካልኩ ወንዙን ትሻገራለች።

«ቀላል ነው እኮ» አለች አርሴማ ልቧ ቀለል ብሏት።

ዘምዘም ጓንቷን አጣጠፈች። «ቀላልስ አይደለም ቲቸር። እዚህ በየጠዋቱ ስለ አሲዱ ያስረዱንና ገባችሁ ይሉናል። አልገባኝም ያለ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አዎ ስል ነው የኖርኩት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎ አልገባኝም ቢሉ ትሕትና ነው። እኔ ስል ግን ድሮም አልተማረች ነው የሚሉኝ። ልጄ ፊት» አለች።

«ስለ ልጅሽ ስትይ ነው።»

«አውቃለሁ። እላለሁ። ወላሂ እላለሁ።»

ተለማመዱ። አርሴማ ጋሼን ሆነች፤ ድምፅዋን አወፍራ «ወይዘሮ ዘምዘም፣ ገባዎት?» አለች። ዘምዘም በመጀመሪያው በሳቅ ፈረሰች። በሁለተኛው አልገባኝም ብላ አፏን በእጇ ያዘች። በሦስተኛው ግን ቀጥ ብላ ቆማ «አልገባኝም!» ስትል የፋብሪካው ዘበኛ ሳይቀር ዞር ብሎ አያት። አርሴማ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው፤ ታክሲ መጠበቅ እንኳ አላሰኛትም። ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር ደስ ካላት።

ዓርብ ጠዋት በዳግም ቢሮ አራት ወንበር ተደረደረ። ዘምዘም ከበዓል ልብሷ አንዱን ለብሳለች፣ ሻርፗም አዲስ ነው። ነጃት ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አርሴማ የምስክር ወንበር ላይ ናት። ምስክርም መጨረሻ ላይ ይጠየቃል። ምስክር አልገባኝም ቢል ምን እንደሚከተል መመሪያው አይናገርም፤ ብሎ የሚያውቅ ስለሌለ ይሆናል። አርሴማ ግን ማታውኑ ወስናለች፤ ምንም አመጣ ምን፣ እናትዬው ብትደናገጥ እንኳ እሷ ትለዋለች።

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ጋሼ ከግድግዳው። «ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው እንደመጡ አውቃለሁ። ስላደከምንዎት ይቅርታ ያድርጉልን።»

ዘምዘም ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ ብላ ለግድግዳው እጅ ነሳች። እንኳን አለቃዋ፣ የባሏ ወንድም እንኳ አንቱ ብሏት አያውቅም።

ጋሼ ማንበብ ጀመረ። የተማሪዋ የማረጋገጫ ምጣኔ ከተቀመጠው ወለል በታች መውረዱን፣ በዚህም መሠረት ከቀለም ፍሰት ወደ ተግባር ተኮር ፍሰት መሸጋገሯን፣ የወላጅ መረዳት ካልተረጋገጠ ጉዳዩ በገጽ አሥራ ሁለት አግባብ የሚታይ መሆኑን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ዘምዘም በየመሐሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጨርስ እንደ ሰው ትንፋሽ ወሰደ።

«ገባዎት?»

ዘምዘም ወደ አርሴማ አየች። አርሴማ ዓይኗን ጨፍና ገለጠችላት፤ በይ፣ የኔ ልጅ፣ በይ። የዘምዘም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደ ልጆቹ ሳይሆን ለወላጅ ዝምታ አዎ አይሆንም፤ ለወላጅ ጋሼ ይታገሣል።  «አል...» ስትል አርሴማ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።

«ምናልባት በደንብ አላስረዳሁዎት ይሆናል» አለ ጋሼ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመጀመሪያው ልድገምልዎት?»

«ኧረ በአላህ!» አለች ዘምዘም እጇን እያወዛወዘች። «ኧረ አይድከሙ ጋሼ። ገብቶኛል። አዎ።»

 ዘምዘም ያለችው ነገር ለራሷ የተሰማት ቆይቶ ነው፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ አርሴማ ልትዞር ጀመረችና አልቻለችም። ዳግም ከጠረጴዛው ላይ ምንም የሌለበትን ወረቀት አንስቶ ማየት ጀመረ።

«እኔ አልገባኝም።»

ነጃት ናት። ቆማለች። ድምፅዋ ሹክሹክታ አልነበረም፤ ዛፉ ሥር ጮክ በይ እንደተባለችው፣ ጥርት ብሎ፣ ይቅርታም ሳይጨመርበት ነው የወጣው።

«አመሰግናለሁ፣ ተማሪ ነጃት» አለ ጋሼ። ከልቡ ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ይሄ የመጀመሪያዎ ነው። ትልቅ እመርታ ነው። ለአዲሱ ክፍልዎ እናስተላልፈዋለን።» ከዚያ ሳያቋርጥ ቀጠለ። «መምህርት አርሴማ፣ በምስክርነት የሰሙት ሁሉ ገባዎት?»

አርሴማ ቃሉን ከማታ ጀምሮ አዘጋጅታ ይዛዋለች። ጥርሷ ሥር ነበር። አልፈራችም፤ ፈርታ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሰው በፍርሃቱ ይታዘንለታል። ግን ጥያቄው ሲመጣ አፏ እሷን አልጠበቃትም። ሃምሳ ዓመት የተነዳበትን መንገድ ያውቀዋል።

«አ... ዎ» አለች፤ እንደዚያው ጎተት አድርጋ፣ በክፍል ዜማ።

«አመሰግናለሁ» አለ ጋሼ። ዳግም ወረቀቱን አስቀመጠ።

ነጃት ቀና ብላ አስተማሪዋን አየቻት። ለትንሽ ጊዜ ግራ የገባት መሰለች። ከዚያ ቲቸር እንዳታፍር ብላ ይሆናል፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈችና ፈገግ አለችላት።